የማይነጠቅ ርስት ያወረሰች እናት፤ የቅዱስ ባስልዮስ እናት የቅድስት ኤሚሊያ ሕይወት

በአገራችን ሰው ከሰው ጋር ሲተዋወቅ አስቀድሞ የሚጠያየቀው የማን ልጅ እንደ ሆነ ነው። የአባቱንና የአያቱን፥ የቅድመ አያቱንም ስም ቈጥሮ የማያውቅ ሰው ሥር እንደሌለው ተክል ይቈጠራል። ልማዱም የሚነቀፍ አይደለም፤ ወንጌላዊው ቅዱስ ማቴዎስ የጌታችንንና የመድኃኒታችንን ነገር መጻፍ የጀመረው ትውልዱን በመቍጠር ነውና። ይሁን እንጂ ትውልድን መቍጠር ብቻውን ሰውን አያከብረውም። አባት ለልጁ የሚተወው መሬት በድንበር ክርክር ያልቃል፤ ከብቱ በበሽታ ይጠፋል፤ ወርቁና ብሩም በሌባ ይወሰዳል። የማይነጠቀው ርስት ከአባቶችና ከእናቶች በቃልና በሥራ የተቀበሉት ሃይማኖት ነው። እርሱም ቢሆን ከወላጅ ወደ ልጅ እንደ መልክና እንደ ቁመት በራሱ አይተላለፍም፤ የሚያወርሰው ሰው አስቀድሞ ሊኖርበት ያስፈልጋል።

ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ ለደቀ መዝሙሩ ለጢሞቴዎስ በጻፈለት ጊዜ፥ በእርሱ ያለው እምነት አስቀድሞ በአያቱ በሎይድና በእናቱ በኤውንቄ እንደ ነበረ አስታውሶታል። የጢሞቴዎስን ጵጵስና የሚያውቅ ሁሉ የእነዚህን የሁለቱን ሴቶች ስም አብሮ እንዲያውቅ የሐዋርያው ፈቃድ ሆነ። እንዲሁም ቅዱስ ባስልዮስን በቅዳሴው የሚያውቀው፥ ቅዱስ ጎርጎርዮስ ዘኑሲስንም በሃይማኖተ አበው የሚያነብበው ሁሉ የእናታቸውን የቅድስት ኤሚሊያን ሕይወት ሊያውቅ ይገባዋል። የእርስዋን ነገር በዝርዝር ያቈየልን ልጅዋ ቅዱስ ጎርጎርዮስ ነው፤ የታላቅ እኅቱን የማክሪናን ገድል ሲጽፍ የእናቱን ሕይወት ከእኅቱ ሕይወት ሊለየው ስላልቻለ ሁለቱን አንድ አድርጎ ጻፈው። ከዚህ በታች የሚነገሩት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልን።

ይህች እናት የኖረችበት አገር በጥቁር ባሕር ደቡባዊ ዳርቻ ያለው የጳንጦስ ምድር ነው፤ ዛሬ በቱርክ መንግሥት ውስጥ ይገኛል። ከጳንጦስ ጋር የሚዋሰነው ቀጰዶቅያ ነው፤ ሁለቱም አገሮች በበዓለ ሃምሳ ዕለት ሕዝባቸው በኢየሩሳሌም ከተገኙት ወገኖች ጋር በሐዋርያት ሥራ ተጠቅሰዋል። በጳንጦስ ከተማ በኒዮቄሣርያ በሦስተኛው መቶ ዓመት ጎርጎርዮስ ገባሬ መንክራት ኤጲስ ቆጶስ ሆኖ አስተማረ። የእርሱን ትምህርት በቃልዋ ይዛ ለቤተ ሰብዋ ያስተላለፈች ደግሞ ሽማግሌዪቱ ማክሪና ናት። ይህች ሴት ለኤሚሊያ አማትዋ፥ ለቅዱስ ባስልዮስም የአባቱ እናት ናት። ቅዱስ ባስልዮስ ኤጲስ ቆጶስ ከሆነ በኋላ ስለ ሃይማኖቱ ክርክር በተነሣበት ጊዜ፥ ከአያቱ ከማክሪና ጕልበት ሥር ሆኖ የሰማውን ቃል እንደ ምስክር አድርጎ ይጠቅስ ነበር።

በ303 ንጉሡ ዲዮቅልጥያኖስ በክርስቲያን ላይ ስደትን ባወጀ ጊዜና ከእርሱም በኋላ የተነሡት ገዢዎች ስደቱን ባጸኑ ጊዜ፥ ሽማግሌዪቱ ማክሪናና ባልዋ ቤታቸውን ትተው ከጥቂት አገልጋዮች ጋር ወደ ጳንጦስ ተራራና ጫካ ተሰደዱ። በዚያም ሰባት ዓመት ያህል በብርድና በዝናም፥ በረኃብም ኖሩ፤ ሲርባቸውም እግዚአብሔር የዱር አጋዘን ወደ እነርሱ እየላከ ይመግባቸው ነበር ተብሎ ተጽፎአል። ሀብታቸው በሃይማኖታቸው ምክንያት ተወረሰ። በኤሚሊያ ወገንም ከአያቶች አንዱ በንጉሥ ቍጣ ተገድሎ ንብረቱ ለሌሎች ተሰጠ። እንግዲህ ከሁለቱም ወገን ኤሚሊያን የከበባት ርስት ይህ ነበር፤ የተወረሰ መሬት፥ የፈሰሰ ደምና ያልተካደ ስም።

ኤሚሊያ ገና ወጣት ሳለች አባትና እናትዋ ሞቱባት። መልክዋ እጅግ ያማረ ስለ ነበረ የሚሿት ብዙዎች ነበሩ፤ ከእነርሱም አንዳንዶቹ በፈቃድ ካላገኙአት በጠለፋ ሊወስዱአት ይዶልቱ ነበር። የልብዋ ፈቃድ ግን በድንግልና ኖራ እግዚአብሔርን ማገልገል ነበር። ወላጅ የሌላት፥ ጠባቂም የሌላት ልጅ በመሆንዋ ይህን ፈቃድዋን ለመፈጸም አልቻለችም። ስለዚህ ጠላፊዎች ሳይቀድሙአት በጭምትነቱና በምግባሩ የተመሰገነውን ባስልዮስን መርጣ በሕግ አገባች። እርሱም የሽማግሌዪቱ የማክሪና ልጅ፥ በጳንጦስም ወጣቶችን የንግግር ትምህርት የሚያስተምር መምህር ነበር።

በዚህ ስፍራ ጥቂት ልናስተውል ይገባናል። ኤሚሊያ የፈለገችውን ሕይወት አላገኘችም፤ ያገኘችውን ሕይወት ግን አልናቀችውም። በልብዋ የነበረውን ገዳም በቤትዋ ውስጥ ለመሥራት ተነሣች እንጂ ያመለጣትን እያሰበች በኀዘን አልተቀመጠችም። ትዳር በቤተ ክርስቲያን ቅዱስ ምሥጢር ነው፤ ድንግልናም የከበረ ነው፤ ነገር ግን ሰው በሁለቱም ውስጥ ቢሆን ሊተጋም ሊተኛም ይችላል። ከዓመታት በኋላ ያ የመጀመሪያ ምኞትዋ በልጅዋ በኩል ወደ እርስዋ ተመልሶ ሲመጣ እናያለን።

የመጀመሪያ ልጅዋን የምትወልድበት ቀን በቀረበ ጊዜ፥ ምጥ ይዞአት ሳለ እንቅልፍ ወሰዳት። በሕልምዋም ገና ያልተወለደችውን ሕፃን በእጅዋ ይዛ፥ ከሰው መልክ የሚበልጥ ግርማ ያለው አንድ ሰው ሕፃኒቱን ሦስት ጊዜ ቴክላ ብሎ ሲጠራት አየች። ቴክላ የቅዱስ ጳውሎስ ደቀ መዝሙር የነበረች፥ ለድንግልና ስትል ብዙ መከራ የተቀበለች ቅድስት እንደ ሆነች አንባብያን ያውቃሉ። ኤሚሊያ ከዚህ ራእይ በኋላ ያለ ብዙ ጭንቅ ወለደች። ሕፃኒቱም በቤተ ሰቡ ዘንድ ስለ አያትዋ ክብር ማክሪና ተባለች፤ ቴክላ የሚለው ስም ግን በእናትዋ ልብ ተሰውሮ የኖረ ስም ሆነ።

በዚያ ዘመን የባለጸጎች ልጆች ፊደል ሲቈጥሩ የሚሰጣቸው የአረማውያን ባለ ቅኔዎች ተረት ነበር። በተረቱም ውስጥ የሴቶች ቅንዓትና ዝሙት፥ የአማልክትም ነውር ይነገር ነበር። ኤሚሊያ ለስላሳው የሕፃን አእምሮ እንዲህ ባለው ነገር እንዳይበከል ተጠነቀቀች። በዚህ ፈንታ ከቅዱሳት መጻሕፍት ለሕፃን የሚስማማውን፥ ይልቁንም የሰሎሞንን ጥበብ መረጠችላት። ዳዊትንም በቃልዋ አስጠናቻት፤ ማክሪናም ከመኝታዋ ስትነሣ፥ ሥራ ስትጀምርና ስትፈጽም፥ ወደ ማዕድ ስትቀርብና ከማዕድ ስትነሣ፥ ሊመሽም ሲል፥ በመንፈቀ ሌሊትም ከመዝሙረ ዳዊት የተመደበላትን ክፍል ታደርስ ነበር። የእኛ አገር ልጆች በየደብሩ ዳዊት ሲደግሙ ያደጉ አባቶችና እናቶች ይህን ሲሰሙ እንግዳ ነገር አይሆንባቸውም። ከዚህም ጋር እናትዋ የእጅ ሥራ አስተማረቻት፤ ማክሪናም የበግ ጠጕር በመፍተልና በመሥራት እጅግ የሠለጠነች ሆነች።

ማክሪና ዐሥራ ሁለት ዓመት በሞላት ጊዜ አባትዋ ከደግ ቤት የተወለደ፥ በንግግርና በፍርድ ክርክር ስሙ የተጠራ ወጣት መርጦ አጫት። ነገር ግን ጋብቻው ሳይፈጸም እጮኛዋ ሞተ። ወላጆችዋ ለሌላ ሊያጩአት ደጋግመው ቢነግሩአት፥ እርስዋ ግን እጮኛዋ በትንሣኤ ተስፋ በእግዚአብሔር ዘንድ ሕያው ነው እንጂ አልሞተም፤ ሩቅ አገር የሄደን ሙሽራ መጠበቅ ይገባል በማለት እንቢ አለች። ከዚያም ቀን ጀምሮ ከእናትዋ አጠገብ ላትለይ በልብዋ ቈረጠች። ኤሚሊያም ሌሎቹን ልጆችዋን በማኅፀንዋ የተሸከመቻቸው በተወሰነ ጊዜ ሲሆን፥ ማክሪናን ግን ሁልጊዜ በውስጥዋ እንደ ተሸከመቻት ትናገር ነበር። ማክሪና በርስትና በሀብት ያለች የመኰንን ልጅ ስትሆን፥ ከአገልጋዮች ሁሉ ቀድማ በገዛ እጅዋ እንጀራ እየጋገረች እናትዋን ትመግብ ነበር። እናት የልጅዋን ነፍስ ትመራ ነበር፤ ልጅም የእናትዋን ሥጋ ታገለግል ነበር።

እግዚአብሔር ለኤሚሊያ ዐሥር ልጆች ሰጣት፤ ከእነርሱም አራት ወንዶችና አምስት ሴቶች፥ በድምሩ ዘጠኙ አደጉ። ባልዋ የመጨረሻው ልጅ ጴጥሮስ በተወለደበት ጊዜ ገደማ ዐረፈ። እርስዋም ዘጠኝ ልጆችና በሦስት አውራጃ የተበተነ ርስት ይዛ መበለት ሆነች። ርስቱ በሦስት ገዢዎች ግዛት ውስጥ ስለ ነበረ ግብሩን ለሦስቱም ትከፍል ነበር። የእርሻውን፥ የአገልጋዮቹን፥ የግብሩንም ነገር ከልጆች ማሳደግ ጋር አንድ ሴት ብቻዋን መሸከምዋ ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ፥ ባልዋን ያጣች እናት ሁሉ ሳይነገራት ታውቀዋለች። ማክሪና በዚህ ጊዜ የሸክምዋ ተካፋይ ሆነች። ቅዱስ ጎርጎርዮስ እንደሚመሰክረው፥ በስደት ዘመን የተወረሰው የአያቶች ሀብት በእነርሱ ዘመን በእግዚአብሔር በረከት በዝቶ፥ ለዘጠኙ ልጆች በተከፈለ ጊዜ የእያንዳንዱ ድርሻ ከወላጆቹ ሀብት የሚበልጥ ሆነ።

ኤሚሊያ ግን ለልጆችዋ ልታወርስ የምትሻው ይህን ብቻ አልነበረም። የሰብስጥያን የአርብዓ ሰማዕታት ዐፅም አግኝታ በርስትዋ አጠገብ በሠራችው ቤተ ጸሎት አኖረች። እነዚህ ሰማዕታት ክርስቶስን አንክድም በማለታቸው በክረምት ብርድ በበረዶ ላይ ራቁታቸውን የተሠዉ ወታደሮች ናቸው፤ በቤተ ክርስቲያናችንም መጋቢት 13 ቀን ይታሰባሉ። ዐፅማቸው በገባበት በዓል ኤሚሊያ ልጆችዋን ሁሉ ጠራች። ጎርጎርዮስ ያን ጊዜ ገና ወጣት ነበረ፤ ልቡም በዓለም ነገር ተይዞ ስለ ነበረ እናቱ በዚያ ቀን ስለ ጠራችው እያጕረመረመ መጣ። ሌሊት ማኅሌቱ በአትክልቱ ስፍራ ሲደርስ እርሱ በአንድ ቤት ውስጥ ተኝቶ ነበር። በሕልሙም ወደ ማኅሌቱ ሊገባ ሲል ወታደሮች በደጅ ቆመው በበትር እያስፈራሩ ሲከለክሉት አየ። ነቅቶም ስለ ስንፍናው አለቀሰ፤ በሰማዕታቱም ዐፅም ላይ እንባውን አፈሰሰ። ይህን ታሪክ በኋላ በሰማዕታቱ በዓል ሲያስተምር በገዛ አፉ ለሕዝብ ተናግሮታል። እናት ልጅዋን በግሣጼ ብዛት ያልመለሰችውን፥ ወደ ቅዱሳን ደጅ በመጥራት መለሰችው።

አሁን ወደ ታላቁ ኀዘንዋ እንመጣለን። ከልጆችዋ ሁሉ በመልክና በጕልበት፥ በአእምሮም ፍጥነት የሚበልጠው ናውክራጥዮስ ይባል ነበር። በሃያ ሁለት ዓመቱ በሕዝብ ፊት ንግግር አድርጎ የሰሙት ሁሉ ቢያደንቁት፥ ያን ምስጋና ንቆ ክሪሳፍዮስ ከሚባለው አገልጋይ ጋር በኢሪስ ወንዝ አጠገብ ወዳለው ጫካ ገባ። በዚያም በድህነትና በደዌ የሚኖሩ ሽማግሌዎችን በአደን እያገኘ ይመግብ ነበር፤ እናቱም ብታዝዘው በደስታ ይታዘዛት ነበር። እንዲህ አምስት ዓመት ኖረ። አንድ ቀን ግን ለሽማግሌዎቹ ምግብ ሊያመጣ ወደ አደን እንደ ወጣ ከባልንጀራው ጋር ሞቶ ተገኘ።

እናቱ ከዚያ የሦስት ቀን መንገድ ርቃ ነበር። መርዶው በደረሳት ጊዜ፥ በምግባርዋ ጽኑ ብትሆንም የእናትነት ባሕርይ አሸነፋት፤ ትንፋሽዋና ድምፅዋ ጠፍቶ በድንገት እንደ ተመታ ሰው ወደቀች። በዚህ ጊዜ ማክሪና የእርስዋንም ልብ የሚሰብረውን ኀዘን ወደ ውስጥ አፍና የእናትዋ ምርኵዝ ሆነች፤ በተስፋ ቃልና በትዕግሥት ምሳሌ ጥቂት በጥቂት አነሣቻት። ኤሚሊያም የሚገባውን ያህል አለቀሰች እንጂ ፊትዋን አልነጨችም፥ ልብስዋንም አልቀደደችም። ልብ እንበል፤ ከብዙ ዓመታት በፊት ስለ ትንሣኤ ተስፋ ዳዊትን ያስተማረቻት ልጅ፥ ያንኑ ተስፋ በመከራዋ ቀን ለእናትዋ መልሳ ሰጠቻት። ወላጅ በልጁ ልብ የሚያኖረው ቃል፥ ራሱ ወላጁ የሚመረኰዘው በትር ሆኖ የሚመለስበት ቀን አለ። በዚያ ምንም ያላኖረ ግን በዚያ ቀን ምን ያገኛል?

ባስልዮስ በ330 ገደማ የተወለደ የወንዶቹ ልጆች ታላቅ ነው። በቄሣርያና በቁስጥንጥንያ፥ በመጨረሻም በአቴና ብዙ ዘመን ተምሮ በተመለሰ ጊዜ፥ በንግግር ጥበቡ ልቡ ከፍ ብሎ በአገሩ ያሉትን ሹማምንት ሁሉ እስከ መናቅ ደርሶ ነበር። እኅቱ ማክሪና ግን ወደ እውነተኛው ጥበብ መራችው፤ እርሱም የዓለምን ክብር ትቶ የግብፅን፥ የፍልስጥኤምንና የሶርያን መነኰሳት ኑሮ ለማየት ተጓዘ። ከዚያም ተመልሶ በኢሪስ ወንዝ ማዶ፥ ከእናቱና ከእኅቱ መንደር ፊት ለፊት በዓት አበጀ። የሥርዓተ ምንኵስና ትምህርቱም የበቀለው በዚህ ወንዝ ዳርቻ ነው።

ልጆችዋ አድገው ርስቱም ከተከፈለላቸው በኋላ፥ ማክሪና እናትዋን ከእስከ ዚያው የከበረ ኑሮዋ እንድትለይ ለመነቻት። በኤሚሊያ ፊት የቀረበው ነገር ቀላል አልነበረም። ከልጅነትዋ ጀምሮ ሌሎች ያገለገሉአት፥ በስምዋ ሦስት አውራጃ ግብር የሚከፈልባት እመቤት ነበረች። ከእንግዲህ ወዲህ ግን አገልጋዮችዋ የነበሩት ሴቶች እኅቶችዋና ባልንጀሮችዋ ሊሆኑ ነው። ኤሚሊያ ይህን ተቀበለች። በአኔሲ መንደር በነበረው ቤትዋ እመቤትና ገረድ የሚባል ልዩነት ቀረ፤ ሁሉም ከአንድ ማዕድ ተመገቡ፥ አንድ ዓይነት መኝታ ተኙ፥ በአንድነትም ጸለዩ። ሥራቸው ጸሎትና የማያቋርጥ ዝማሬ ሆነ፤ የእጅ ሥራውም በመዝሙር መካከል ይሠራ ነበር። በልጅነትዋ የተከለከለችውን ገዳም፥ ዘጠኝ ልጆች ካሳደገች በኋላ በገዛ ቤትዋ አገኘችው። ስሙን በልብዋ ሰውራ ያኖረችው ቴክላ የልጅዋን እጅ ይዛ መጣችላት።

ከዚህ ቤት ነገር አንድ ታሪክ ብቻ እንጨምር። ማክሪና በጡትዋ ላይ ክፉ እብጠት ወጣባት። እናትዋም የሕክምና ጥበብ ከእግዚአብሔር ለሰው መዳን የተሰጠ ስለ ሆነ ሐኪም እንዲያያት አጥብቃ ለመነቻት። ማክሪና ግን ሰውነትዋን ለሌላ ሰው ዓይን መግለጥ ከሕመሙ ይልቅ ከበዳት። አንድ ምሽት እናትዋን እንደ ልማድዋ አገልግላ ወደ ቤተ ጸሎት ገባች፤ ሌሊቱንም ሁሉ በእንባ ጸለየች። በነጋም ጊዜ እናትዋ ዳግመኛ ስለ ሐኪም ስትለምናት፥ እናትዋ በገዛ እጅዋ በትእምርተ መስቀል ብታማትብላት እንደሚበቃት ነገረቻት። ኤሚሊያም እጅዋን አስገብታ በታመመው ስፍራ ላይ አማተበች፤ እብጠቱም ጠፋ፥ ትንሽ ምልክት ብቻ ቀረ። እንጀራ ሲጋግርና ጠጕር ሲፈትል የኖረ የቤተ ሰብ እጅ፥ በእምነት ሲዘረጋ የእግዚአብሔር ኀይል መሣሪያ እንደሚሆን ከዚህ እንረዳለን። ሐኪምም ከእግዚአብሔር የተሰጠ መሆኑን እናትየዋ ስለ ተናገረች፥ ይህን ታሪክ የሰማ ሰው ሕክምናን ሊንቅ አይገባውም።

የመጨረሻውን ልጅ ጴጥሮስን ያሳደገችው ከእናቱ ጋር ማክሪና ነበረች፤ አባቱን ስላላወቀ እርስዋ አባትም መምህርም ሆነችው። እርሱም ትምህርቱን ከእጅ ሥራ ጋር አጣምሮ አደገ። በ368 እና በ369 ገደማ በቀጰዶቅያና በአካባቢው ብርቱ ረኃብ በሆነ ጊዜ፥ ጴጥሮስ ብዙ እህል አዘጋጅቶ ስለ ነበረ፥ ከየስፍራው የመጡት ረኃብተኞች ብዛት ያን በረሓ ከተማ አስመሰለው። በዚያው ወራት በቄሣርያ ወንድሙ ባስልዮስ ባለጸጎችን እየገሠጸ ጎተራቸውን ያስከፍት፥ ድኾችንም ሰብስቦ ይመግብ ነበር። በእናታቸው ማዕድ እመቤትና ገረድ አብረው ሲበሉ ያዩ ልጆች፥ በረኃብ ዘመን ለማን ማዕድ መዘርጋት እንደሚገባቸው የሚነግራቸው አላስፈለጋቸውም።

ኤሚሊያ በመልካም ሽምግልና በ370 ገደማ ዐረፈች። በዕረፍትዋ ሰዓት ከልጆችዋ ሁለቱ ብቻ በአጠገብዋ ነበሩ፤ ማክሪና በአንድ ወገን፥ ጴጥሮስ በሌላው ወገን ተቀምጠው ነበር። ርቀው ያሉትንም ልጆች እያንዳንዳቸውን በጸሎት ባረከች፤ አንዱንም ያለ በረከት አልተወችውም። ከዚያም ሁለቱን በሁለት እጅዋ ይዛ፥ የመጀመሪያ ልጅዋን እንደ በኵራት፥ ዐሥረኛውንም እንደ ዐሥራት አድርጋ ለእግዚአብሔር አቀረበቻቸው፤ በኵራትና ዐሥራት በሕግ የእርሱ ናቸውና ቅድስናው በሁለቱ ላይ እንዲያድር ለመነች። ጸሎትዋና ሕይወትዋ አብረው ተፈጸሙ። እንደ ቃልዋም በባልዋ መቃብር ቀበሩአት።

ከእርስዋ በኋላ የሆነውን ቤተ ክርስቲያን ሁሉ ታውቀዋለች። ባስልዮስ በ370 የቄሣርያ ሊቀ ጳጳስ ሆነ፤ ከከተማው ውጭ ለድኾች፥ ለበሽተኞችና ለለምጻሞች መጠለያ ሠራ፤ ስለ መንፈስ ቅዱስ አምላክነትም ጻፈ። ጎርጎርዮስ በ372 ገደማ የኑሲስ ኤጲስ ቆጶስ ሆነ። ጴጥሮስም በሰብስጥያ፥ የአርብዓው ሰማዕታት ደም በፈሰሰበት ከተማ ተሾመ። ባስልዮስ ካረፈ በኋላ በ381 መቶ ሃምሳው ሊቃውንት በቁስጥንጥንያ ተሰብስበው የመንፈስ ቅዱስን አምላክነት ባጸኑ ጊዜ፥ ጎርጎርዮስና ጴጥሮስ በዚያ ጉባኤ ነበሩ። ስለዚህ ካህናቱና ሕዝቡ ጸሎተ ሃይማኖትን ባደረሱ ቍጥር፥ በጳንጦስ ጫካ የተሰደዱት አያቶች ያልካዱትንና በኤሚሊያ ቤት ለልጆች የተነገረውን ሃይማኖት ይመሰክራሉ። ቤተ ክርስቲያናችንም ጥር 6 ቀን ቅዱስ ባስልዮስን ስታስብ፥ በቅዳሴውም ስትቀድስ፥ ከዚያ ቤት የተነሣውን ጸሎት ታሳርጋለች።

ማክሪና በ379 ገደማ ዐረፈች፤ ጎርጎርዮስም በቦታው ተገኝቶ ቀበራት። የወላጆቻቸው መቃብር በተከፈተ ጊዜ የአባቱና የእናቱ ሥጋ በዘመን ብዛት ፈርሶ ይሆናል ብሎ ፈራ፤ የኖኅ ልጅ ካም የደረሰበትም ፍርድ ትዝ አለው። ስለዚህ ገና መክደኛው ሳይነሣ ንጹሕ በፍታ ከዳር እስከ ዳር አዘርግቶ የሁለቱን ሥጋ ሸፈነ። ከዚያም ማክሪናን በእናትዋ ጐን አኖሩአት፤ ሁለቱም በሕይወታቸው ዘመን ከሞት በኋላ እንዳይለያዩ አንድ ሆነው ለምነው ነበርና። አባትና እናትን ማክበር በዕለተ ሞት እንደማያበቃ የዚህ ኤጲስ ቆጶስ በፍታ ያስተምረናል።

እንግዲህ የተወደዳችሁ ምእመናን፥ ከዚህች እናት ሕይወት ሦስት ነገር እንያዝ። አንደኛ፥ የአባቶችን ስም መጥራት የአባቶችን ሃይማኖት ከመኖር ጋር ካልተባበረ ከንቱ ነው። ኤሚሊያ የሰማዕታት ዘር ነኝ ብላ አልተመካችም፤ ሰማዕታቱ የሞቱለትን እምነት ለልጆችዋ በዳዊት ቃል፥ በዐፅመ ቅዱሳን በዓልና በየዕለቱ ሥራ አሳየች። ዛሬ ከአገሩ ርቆ በባዕድ ምድር ልጆች የሚያሳድግ ምእመንም ስለ ዘር ከሚነግራቸው ይልቅ፥ ልጆቹ ሲጸልይ ሊያዩት ይገባል።

ሁለተኛ፥ የቤት ሥራ የመንፈሳዊ ሥራ ተቃራኒ አይደለም። ብዙ እናቶች ጾምና ቅዳሴ ለማድረስ የቤት ድካም እንደሚያግዳቸው ያዝናሉ። በኤሚሊያ ቤት ግን ሥራ ሲጀመርም ሲፈጸምም ዳዊት ይደገም ነበር። ማጀትዋን በጸሎት የምትከፍትና በጸሎት የምትዘጋ እናት ከቤተ መቅደስ ሩቅ አይደለችም። ካህናትም እንዲህ ያሉትን እናቶች ሊያጽናኑአቸው እንጂ ያልቻሉትን እያነሡ ሊያሳዝኑአቸው አይገባም።

ሦስተኛ፥ የሃይማኖታችን እውነተኛነት ከሁሉ አስቀድሞ የሚታየው በቤታችን በሚያገለግሉን ሰዎች ዘንድ ነው። በቤተ ክርስቲያን ራሱን ዝቅ አድርጎ የሚሰግድ፥ በቤቱ ግን የቤት ሠራተኛውን የተረፈውን እያበላ የሚያዋርድ ሰው፥ ልጆቹ ከሁለቱ የትኛውን እንደሚወርሱ ይወቅ። ልጅ የሚወርሰው የሰማውን ብቻ አይደለም፤ በማዕድ ያየውን ደግሞ ነው። ኤሚሊያ እመቤትነትዋን ስትተው ልጆችዋ አዩአት፤ ከዚያ ማዕድም የድኾች አባት የሆነው ባስልዮስ ወጣ።

በመጨረሻ ሰዓታችን ልጆቻችንን በሁለት እጃችን ይዘን ለእግዚአብሔር በኵራትና ዐሥራት አድርገን እናቀርብ ዘንድ፥ አስቀድመን ዛሬ በቤታችን ለእርሱ ልናሳድጋቸው ይገባል።

የቅድስት ኤሚሊያና የልጆችዋ ጸሎት፥ በረከታቸውም ከሁላችን ጋር ይኑር፤ አሜን።